ከጣና ዳር ወደ ታጁራ ሰላጤ፦ የባሕሩን ሙላትና ፍሰት አይቶ ከዳርቻ የሚገባ የስኩባ ዳይቭ ማቀድ

ጣና ዳር ያደገ ሰው ውሃ ያውቃል። ሐይቁ ጠዋት እንደሚተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እንደሚቆጣ፣ ጀልባ በማለዳ መነሣት እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። አንድ ነገር ግን ጣና አያስተምርም። የጣና ውሃ ከፍና ዝቅ የሚለው በወራት ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ባሕር ይህንኑ በአንድ ቀን ውስጥ ያደርገዋል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ጊዜ። ውሃው በሞላና በጎደለ ቁጥር ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይፈስሳል። ጠላቂን የሚወስደው ይህ ፍሰት ነው።

መመሪያው የስኩባ፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ይዞ የመጥለቅ ኮርስ ጨርሳችሁ የመጥለቂያ ፈቃድ ለያዛችሁ፣ አሁን ደግሞ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ ጅቡቲ ላይ፣ በታጁራ ሰላጤ፣ ከዳርቻ ለመጥለቅ ለምታስቡ ነው። ኮርሱን አይተካም። ኮርሱ ላይ በአንድ ገጽ የታለፈውን ነገር ግን ጊዜ ወስደን እናየዋለን።

ዋናው ነገር ይህ ነው። የዳይቩን ሰዓት የሚመርጠው ውሃው ነው። መኪናው የደረሰበት ሰዓት፣ የዓመት ፈቃዱ የሚያልቅበት ቀን፣ የጓደኞች ጉጉት ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ከጀልባ የሚጠልቅ ሰው ፍሰት ቢወስደው ጀልባው ተከትሎ ያነሣዋል። ከዳርቻ የገባ ሰው ግን በገባበት በር መውጣት አለበት። ስለዚህ ሥራው ጎጃም ቤታችሁ ቁጭ ባላችሁበት ይጀመራል። የሚያበቃውም ጎጃም ቤታችሁ ስትገቡ ነው፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ጨረቃዋን ተመልከቱ

ባሕሩን የሚስቡት ጨረቃና ፀሐይ ናቸው። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲሆኑ፣ ማለትም ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ጉልበታቸው ይደመራል። ሙላቱ ይበልጥ ከፍ ይላል፣ ጉድለቱም ይበልጥ ዝቅ ይላል። በመካከላቸው የሚመላለሰው ውሃ ይበዛል፤ ፍሰቱም ይፈጥናል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን ጉልበታቸው ይቃረናል። ልዩነቱ ይጠብባል፣ ፍሰቱም ይለዝባል። ከኃይለኛው ሳምንት እስከ ለዘብተኛው ሰባት ቀን ገደማ ነው። ኃይለኛው ሙላት ከሙሉዋ ወይም ከአዲሷ ጨረቃ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ እንደሚመጣም ልብ በሉ።

ስለዚህ የጉዞውን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሰማይ እዩ። ለመጀመሪያ የዳርቻ ዳይቭ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሳምንት ምረጡ። መብራት በሌለበት የጎጃም ገጠር ለዚህ መተግበሪያ አያስፈልግም፤ ቀና ማለት ይበቃል።

በቆሎ ትምህርት ቤት አልፋችሁ ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ ካላችሁ ደግሞ ሠርቀ ሌሊት ማውጣት ታውቃላችሁ። በጣም ጥሩ መሠረት ነው፤ የጨረቃን ዕድሜ በልቡ የሚያሰላ ሰው የባሕርን ሳምንት ግማሹን ያውቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ስሌቱ የበዓላትን ሥርዓት ለመጠበቅ የተሠራ ነው። በዚህ ዘመን ሰማይ ላይ ከምትታየው ጨረቃ አራት አምስት ቀን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። በዚያ ወር ጨረቃ ሰማይ ላይ ሙሉ የሆነችው ግን ሚያዝያ 16 ነው። «ፋሲካ ስለሆነ ጨረቃ ሙሉ ናት» ብሎ ያሰበ ጠላቂ ከባሕሩ ጋር በዐሥራ አንድ ቀን ይተላለፋል። ለባሕር የሚሠራው የዓይን ጨረቃ ነው።

የጅቡቲ ባሕር ሌላም ጠባይ አለው። በቀን የሚመጡት ሁለት ሙላቶች እኩል አይደሉም። አንደኛው ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ይሆናል። አንዳንድ ቀን ትንሹ እዚህ ግባ የማይባል ነው። በዚህ ምክንያት የጨረቃዋ ቅርጽ ሳምንቱን ይጠቁማችኋል እንጂ ሰዓቱን አይነግራችሁም። ሰዓቱን የሚነግራችሁ ሠንጠረዡ ነው።

ሠንጠረዡን በእኛ ሰዓት ማንበብ

የጅቡቲ ወደብ የሙላትና የጉድለት ትንበያ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ቀን ከፍተኛውና ዝቅተኛው ውሃ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሆን፣ ቁመቱም ስንት ሜትር እንደሆነ ይሰጣል። ከባሕር ዳር ከመነሣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሳምንት በሙሉ በወረቀት ገልብጡት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ሙቀት ያጠፋዋል፣ የውጭ አገር ዳታ ላይሠራ ይችላል።

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ እንዳታልፉ። ሠንጠረዡ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 09:40 ሲል በእኛ ጠዋት 3፡40 ነው። 15:50 ሲል ከቀኑ 9፡50 ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስ ማንም ይችላል፤ ችግሩ በሁለት ሰው መካከል ነው። አንዱ «ሦስት ሰዓት» ሲል በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከሰማው አንዱ ሙላት ላይ፣ ሌላው ጉድለት ላይ ይገናኛሉ። ጅቡቲ ውስጥ ሲሊንደር የሚያከራያችሁ ሰው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚናገረው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። ቀኑንም እንዲሁ፤ በእኛም በእነሱም ቀን መቁጠሪያ።

ሁለተኛው ወጥመድ የሰዓት ክልል ነው። ጅቡቲና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው፤ ምንም ማስተካከል አያስፈልግም። አንዳንድ ሠንጠረዥ ግን በግሪኒች ሰዓት ይታተማል። ያን ጊዜ ሦስት ሰዓት መደመር አለባችሁ። የሠንጠረዡን ራስጌ ሳታነቡ አንዲት ቁጥር አትገልብጡ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፦ ሙላቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ማክሰኞ ያመቻችሁ ሰዓት ዓርብ አያመቻችሁም። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ግን ተመሳሳዩ ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ዘንድሮ ጥሩ ጠዋት ካገኛችሁ፣ ቀጣዩን ጉዞ በዚህ መቁጠር ትችላላችሁ።

ሰዓቱን መምረጥ

ውሃው ከመሙላት ወደ መጉደል ሲዞር ጥቂት ጊዜ ይቆማል። የምንፈልገው ያንን ጊዜ ነው። ሁለት የመቆሚያ ጊዜ አለ፤ አንዱ ሙላቱ ጫፍ ላይ፣ አንዱ ጉድለቱ ጫፍ ላይ። ከዳርቻ ለሚገባ ሰው የሙላቱ ይሻላል። ከጥልቁ የመጣ ንጹሕ ውሃ ዳርቻው ድረስ ስለገባ አርቃችሁ ታያላችሁ። የኮራሉ፣ ማለትም ከባሕር ፍጥረት የሚሠራው ዐለት ጠርዝም በቂ ውሃ ስላለው ሳትደነቃቀፉ ትገባላችሁ። ጉድለቱ ላይ ግን ከዳርቻው አሸዋና ደለል ይዞ የሚወጣው ውሃ ድፍርስ ነው። ሲጎድል የሚፈስሰውም ወደ ውጭ፣ ማለትም ከእናንተ መውጫ ተቃራኒ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተዘጋጁ ናቸው፤ የእናንተን ከራሳችሁ ቀን ሠንጠረዥ ትወስዳላችሁ። ሙላት ጠዋት 3፡40 ላይ 2.3 ሜትር፤ ጉድለት ከቀኑ 9፡50 ላይ 0.6 ሜትር ነው እንበል። ልዩነቱ 1.7 ሜትር ነው። ይህ ውሃ በስድስት ሰዓት ውስጥ እኩል እኩል አይወርድም። መርከበኞች ልዩነቱን ለዐሥራ ሁለት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ ይወርዳል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ። በእኛ ምሳሌ አንዱ እጅ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እስከ 4፡40 ድረስ 14 ሴንቲሜትር ብቻ ይወርዳል። ከ5፡40 እስከ 7፡40 ባለው ጊዜ ግን በየሰዓቱ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሰቱም ያን ጊዜ ነው የሚበረታው።

ዳይቩ 45 ደቂቃ ቢሆን 3፡15 ላይ ትገባላችሁ፤ 4፡00 ላይ ትወጣላችሁ። መካከሉ በሙላቱ ጫፍ ላይ ይውላል። ስትገቡ ውሃው ገና በለዘብታ ወደ ዳርቻ እየመጣ ነው። ስትመለሱ ገና መውረድ መጀመሩ ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ሰዓት ዘገያችሁ እንበል፤ ሲሊንደር ስትጠብቁ፣ ቁርስ ሲጎተት። 5፡15 ላይ ብትገቡ የምትመለሱት ውሃው ወደ ውጭ በሚሮጥበት ሰዓት ነው። ቦታው ያው፣ ጠላቂው ያው፣ አየሩም ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ደንብ አለ፤ እኔ አልደራደርበትም። ወረቀቱ ላይ «ከዚህ ሰዓት በኋላ አንገባም» የሚል መስመር ይጻፍ። በምሳሌው 3፡35 ነው። ካለፈ ዳይቩ ለነገ ይተላለፋል። ዳርቻ ላይ ቆሞ «ትንሽ ብንዘገይ ምናለ» ማለት ቀላል ነው። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ አገራችን ያውቃል።

ስለ መውጫውም ቁጥሩ ይናገራል። የኮራሉ ጠርዝ በሠንጠረዡ መለኪያ 0.4 ሜትር ላይ ነው እንበል። ሙላቱ ላይ 1.9 ሜትር ውሃ ይሸፍነዋል፤ እየዋኛችሁ ታልፉታላችሁ። ጉድለቱ ላይ 20 ሴንቲሜትር ይቀራል። ያን ሁሉ ሲሊንደርና የማስመጫ ክብደት ተሸክማችሁ፣ በስለታም ድንጋይና በእሾሃማ የባሕር ፍጥረቶች መካከል ትራመዳላችሁ ማለት ነው። ኮራሉንም ትሰብሩታላችሁ።

የሙላቱ ሰዓትና ፍሰቱ የሚቆምበት ሰዓት ሁልጊዜ አንድ እንደማይሆኑም እወቁ። ክፍት ዳርቻ ላይ ይቀራረባሉ። ጠባብ በር ባለበት ግን ከፍተኛው ውሃ ካለፈ በኋላም ፍሰቱ ሊቀጥል ይችላል። ይህን ማስተካከል የሚቻለው የአካባቢውን ሰው በመጠየቅና በዓይን በማየት ነው።

ፍሰትን በዓይን መለካት፦ ዓባይ ዳር ልምምድ

ይህን ክፍል ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ጎጃሜ ያለው ዕድል እዚህ ነውና። ከጉዞው በፊት ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሂዱ፤ ባሕር ዳር ነው። ከፍ ያለና ክፍት የሆነ ዳርቻ ምረጡ። ጉማሬ ያለበት ውሃ ስለሆነ ጠርዙ ድረስ አትውረዱ፤ ደንገሉ ውስጥም አትግቡ። ውሃ ውስጥ መግባት ለልምምዱ አያስፈልግም።

ዳርቻው ላይ 10 ሜትር ለኩና ሁለት ምልክት አድርጉ። ደረቅ እንጨት ወደ ውሃው ወርውሩ። ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ።

60 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ ፍሰቱ ለዘብተኛ ነው፤ ሊጠለቅበት ይችላል። 40 ሰከንድ ከሆነ ግማሽ ኖት (ኖት የባሕር የፍጥነት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ በደቂቃ 15 ሜትር ይወስዳል። ይህ ሙሉ ዕቃ የለበሰ ጠላቂ ሳይደክም ሊቋቋመው የሚችለው የመጨረሻው ድንበር ነው። 20 ሰከንድ ከሆነ አንድ ኖት ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ ማንም ጎበዝ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይታገላል፤ ከዚያ ትንፋሹ ያልቃል፣ አየሩም ይሟጠጣል። አንድ ኖት ያለበት ዳርቻ አይገባበትም።

ልምምዱን ሌላ ቀን ድገሙት። ዓባይ በዚያ ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይፈስስም። ከ1988 ገደማ ጀምሮ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ነው። በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ፍሰቱ ይለወጣል። ለእናንተ ትምህርቱ ዓይንን ማሠልጠን ነው፦ የ40 ሰከንድ ውሃ ምን እንደሚመስል፣ የ20 ሰከንዱ ምን እንደሚመስል። ድልድይ ሥር፣ ድንጋይ አጠገብ፣ ጠባብ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚፈጥን፣ ከድንጋዩ ጀርባ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚዞር አስተውሉ። ባሕር ውስጥም አፍንጫ ሠርቶ የወጣ መሬት ጫፍ ላይ ውሃው ይፈጥናል፤ ከጀርባው ይዞራል።

ጣና ዳር ደግሞ አቅጣጫ መያዝን ተለማመዱ። ከውሃው ሆናችሁ ወደ መሬት ስታዩ ሁለት ነገሮችን በአንድ መስመር አድርጉ፤ ለምሳሌ ፊት ለፊት ያለ ዛፍና ከኋላው ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ጀልባ ላይ ሆናችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። መስመሩ ከፈረሰ ተወስዳችኋል ማለት ነው። ይህን ስላችሁ ጣና ውስጥ ጥለቁ ማለቴ አይደለም። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ዳርቻው ላይ የቢልሃርዚያ ሥጋት አለ። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑም ለባሕር ጠረፍ የተሠራው የመጥለቂያ ጥልቀትና ጊዜ ሠንጠረዥ አይሠራበትም፤ የራሱ የከፍታ ሥልጠና ይፈልጋል።

ቦታውን መምረጥ

የታጁራ ሰላጤ ዳርቻ ለጀማሪ የሚመች ቦታ አለው። አርታ አካባቢ ያለው ዳርቻ ይታወቃል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ የሚመጣበት ወቅት ነው። ቢያጋጥማችሁ አትንኩት፣ መንገዱንም አትዝጉበት።

ከሰላጤው በስተ ምዕራብ ጫፍ ያለው የጉቤት መግቢያ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ውሃ በጠባብ በር ይገባል፣ በጠባብ በር ይወጣል። ፍሰቱ በጣም ኃይለኛ ነው። ያለ አካባቢው ባለሙያ አይታሰብም፤ ከዳርቻ ደግሞ ጨርሶ።

ቦታ ስትመርጡ ሁለት መውጫ ይኑራችሁ። አንዱ የገባችሁበት፣ ሌላው ፍሰቱ በሚሄድበት በኩል ያለ። ሁለተኛውን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ከሩቅ የሚያምር አሸዋ ቀርበው ሲያዩት ገደል ሊሆን ይችላል። ወደብና የጦር ሰፈር አካባቢ አትቅረቡ፤ ጅቡቲ ውስጥ ብዙ አሉ። ፈቃድ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ ሲሊንደር የሚያከራያችሁን ድርጅት ጠይቁ። በዚያው አጋጣሚ በአቅራቢያችሁ ያለው የግፊት ክፍል፣ ማለትም የጠላቂ በሽታ (ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚመጣው) የሚታከምበት መሣሪያ የት እንደሆነ ጠይቃችሁ ስልኩን ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

ጠዋት ዳርቻው ላይ

ሠንጠረዡ የሚያውቀው ጨረቃንና ፀሐይን ብቻ ነው። ነፋሱን አያውቅም። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ጅቡቲ ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል። በሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከበረሃው ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። ወደ ዳርቻ የሚነፍስ ነፋስ ሞገድ ይሠራል፣ ውሃም ይከምራል። የተከመረው ውሃ በአንድ ጠባብ ቦታ ወደ ውጭ ይመለሳል። ሞገዱ የማይሰበርበት፣ መልኩ የጠቆረ ወይም የደፈረሰ መስመር ካያችሁ እሱ ነው። በዚያ አትግቡ። ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና ከመስመሩ ውጡ።

ዕቃ ከመልበሳችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ሞገድ በመንጋ ነው የሚመጣው፤ አምስት ደቂቃ ጸጥ ያለ ባሕር ቀጥሎ ምን እንደሚያመጣ አታውቁም። ከዚያ የዓባዩን ልምምድ ድገሙ፦ 10 ሜትር፣ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ሰከንድ። ፕላስቲክ አትወርውሩ፤ እንጨት ይበቃል። ቁጥሩ ከወረቀታችሁ ጋር ካልተስማማ የሚታመነው ውሃው ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ለመጥለቅ ከሚመቹት ወራት ላይ ነው። ጎጃም ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ብዙ ነው። በጅቡቲ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መጥለቅ ግን ሰውነትን ያደርቃል፤ የደረቀ ሰውነት ለጠላቂ በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል። ጾሙን ለማፍረስ ካልፈለጋችሁ ጉዞውን ከጾሙ ውጭ አድርጉት። የንስሐ አባታችሁንም ማማከር ትችላላችሁ። ሁለቱን ባንድ ቀን ግን አታድርጉ።

አየሩን ለመመለሻ መከፋፈል

መጀመሪያ ፍሰቱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሂዱ። ስትደክሙና አየር ሲቀንስ ወደ መውጫው የሚገፋችሁ እሱ ይሆናል። ይህ ቀላል ደንብ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዓሣ ተከትሎ ይረሳዋል።

በሲሊንደሩ 200 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይዛችሁ ገባችሁ እንበል። 50ውን እንደሌለ ቁጠሩት። የቀረውን 150 ለሦስት ክፈሉ። አንድ ሦስተኛው፣ 50 ባር፣ ለመሄጃ ነው። ስለዚህ 150 ላይ ስትደርሱ ትዞራላችሁ፤ ምንም ያህል ቢያምር። በዚያው ፍጥነት ከተመለሳችሁ 100 አካባቢ ይዛችሁ መውጫው ጋ ትደርሳላችሁ። ፍሰቱ ቢዞርባችሁ የምትታገሉበት አየር ያ ነው። ከሁለት አንዳችሁ 150 ስትደርሱ ሁለታችሁም ትዞራላችሁ።

ወደ ላይ ከመውጣት በፊት 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ትቆማላችሁ። በግማሽ ኖት ፍሰት በሦስት ደቂቃ 45 ሜትር ትወሰዳላችሁ፤ መሃል ውሃ ላይ ተንጠልጥላችሁ ከቆማችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ማረፊያውን ወለሉ ቀስ እያለ ከፍ በሚልበት ቁልቁለት ላይ፣ ወደ ዳርቻ እየተጠጋችሁ አድርጉት። የሚነፋ ጠቋሚ ፊኛና ፊሽካ ለእያንዳንዱ ሰው ይኑር።

መግባቱ አጭር ነው። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ጓደኛ ለጓደኛ ተያይዞ፣ አሸዋው ላይ እግርን እየጎተቱ። እየጎተቱ ያልኩት አሸዋ ውስጥ የተቀበረው ስቲንግሬይ የሚባለው ጅራቱ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ሰምቶ እንዲሸሽ ነው። መሬት ላይ የሚቀር አንድ ሰው ወረቀቱን ይያዝ፤ የመውጫ ሰዓታችሁንና ካለፈ የሚደውልበትን ስልክ ይወቅ።

ወደ ደጋ መመለስ የዳይቩ ክፍል ነው

ጎጃሜን ከሌላው ጠላቂ የሚለየው ይህ ነው። ከተጨመቀ አየር የገባው ናይትሮጅን ከውሃ ስትወጡ አብሮ አይወጣም፤ በሰዓታት ቀስ እያለ ይወጣል። ያ ሳያልቅ የአየር ግፊት ወደሚያንስበት ከፍታ ከወጣችሁ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ ሊሠራ ይችላል። አውሮፕላን መሳፈር ክልክል የሚሆነው በዚህ ነው።

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሚመክረው ይህን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ወይም በተከታታይ ቀናት ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሩ ቆዩ። ከተለመደው የሦስት ደቂቃ ማረፊያ ሌላ፣ ሲወጡ የግድ መቆምን የሚጠይቅ ዳይቭ ከሆነ ከዚያም በጣም ይርዘም። ምክሩ የታሰበው ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ላለው የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ነው።

አሁን የእኛን ከፍታ አስቡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ስታርፉ መሬት ላይ ሆናችሁ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የምክሩን ድንበር አልፏል። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ጎጃም ስትወጡ የእንጦጦን ከፍታ ትሻገራላችሁ፤ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ፣ እንደገና ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣ ሰው ደግሞ ከደሴ በኋላ 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርስ ደጋ ይሻገራል። ሌላው ጠላቂ ለሁለት ሰዓት በርሮ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። እኛ ግን ወጥተን እዚያው እንኖራለን።

ስለዚህ የእኔ አቋም፦ ወደ ጎጃም የሚመለስ ሰው ከአንድ ዳይቭም በኋላ ቢሆን 24 ሰዓት ጅቡቲ ይቆይ። ብዙ ቀን የጠለቀ ደግሞ ከዚያ ይጨምር። ጮቄን ለመውጣት ያቀደ ካለ ለሌላ ሳምንት ያድርገው፤ እዚያ 4,000 ሜትር ያልፋል። «በመኪና እኮ ነው የምሄደው» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ሰውነት የሚያውቀው ከፍታውን ነው።

ይህን በወረቀቱ ላይ ከሙላቱ ሰዓት አጠገብ ጻፉት። የመጨረሻው ዳይቭ ሐሙስ ጠዋት 4፡00 ካበቃ፣ ጉዞው ከዓርብ ጠዋት 4፡00 በፊት አይጀመርም። የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ ወይም ሾፌር ስትቀጥሩ ከዚህ ሰዓት ተነሡ። የቀረችውን ግማሽ ቀን ለአንድ ተጨማሪ ዳይቭ የምትፈልግ ነፍስ ሁልጊዜ በመካከላችሁ አትጠፋም። ወረቀቱን አሳዩአት።

በመንገድ ላይ መገጣጠሚያ ቢያምማችሁ፣ እጅ እግር ቢነዝራችሁ፣ ያልተለመደ ድካም፣ ማዞር ወይም የቆዳ ሽፍታ ቢመጣ የመንገድ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። መኪናውን አቁሙ፤ ከዚያ በላይ አትውጡ። ሕመምተኛውን አስተኙት። ኦክስጅን ያለበት ጤና ተቋም ፈልጉና ንጹሕ ኦክስጅን እንዲሰጠው ጠይቁ። ለሐኪሙ መቼ፣ ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ እንደጠለቀ ከወረቀቱ አንብቡለት። ባቲ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ሐኪም ጠላቂ ታሞ ገጥሞት ላያውቅ ስለሚችል «ትናንት ባሕር ውስጥ በተጨመቀ አየር ጠልቄ ነበር» የሚለውን ቃል ሳይጠየቅ መጀመሪያ ይናገር። ከዚያም ጅቡቲ ላይ ለጻፋችሁት የግፊት ክፍል ስልክ ደውሉ።